የ1818 መዝገብ፦ የተሞላው፣ የተሰረዘውና ገና የቆመው

እ.ኤ.አ. 1818ን በአንድ መዝገብ የማስፈሩ ሥራ ከግማሽ አልፏል። ማን ተወለደ፣ ማን ነገሠ፣ የት ተዋጉ የሚለው ብዙም አላስቸገረም። ያስቸገረው የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መመለሱ ነው። ሌላ ዓመት ይዞ የሚጀምር ሰው እዚሁ ላይ እንዳይደናቀፍ፣ እስካሁን የተገኘው ይኸው።

መጀመሪያ ድንበሩ። 1818 የሚገባው ታኅሣሥ 24 ቀን 1810 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 1811፣ በዘመነ ሉቃስ። ጃንዋሪ 1 ዛሬ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ስለሆነ ይህን ያየ ሁሉ «ተሳስታችኋል» ይላል። አልተሳሳትንም። እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት እናደርጋለን፤ ፈረንጆቹ ግን 1900ን ያለ ፌብሩዋሪ 29 አሳለፉት። ስለዚህ ከዚያ በፊት በነበረው ምዕተ ዓመት እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 10 ይውል ነበር፣ ሉቃስ ሲወጣ ደግሞ 11። ማስረጃው ዓድዋ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ጦርነቱ የተደረገው ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 ነው። ቀኑ ግን ያው የጊዮርጊስ ቀን፣ 23 ነው።

በመጀመሪያው ዙር ይህች አንድ ቀን ብዙ መስመር አበላሽታለች። ካርል ማርክስ በትሪየር ሜይ 5 ተወለደ። በዛሬው ልማድ ሲመለስ ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች ቀን ይሆናል። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ሲያምር ነው መጠርጠር። ትክክሉ ሚያዝያ 28 ቀን 1810 ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው ሐውልቱ ምንም አይሰማውም እንጂ።

የምንጠቀምበት ማመሳከሪያ በቃል የሚያዝ ነው። ለ1818 ጃንዋሪ 1 ታኅሣሥ 24፣ ፌብሩዋሪ 1 ጥር 25፣ ማርች 1 የካቲት 23፣ ኤፕሪል 1 መጋቢት 24፣ ሜይ 1 ሚያዝያ 24፣ ጁን 1 ግንቦት 25፣ ጁላይ 1 ሰኔ 25፣ ኦገስት 1 ሐምሌ 26፣ ሴፕቴምበር 1 ነሐሴ 27 ይውላል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ኦክቶበር 1 መስከረም 22፣ ኖቬምበር 1 ጥቅምት 23፣ ዲሴምበር 1 ኅዳር 23። ከዚያ የቀረውን ቀን መደመር ነው፤ ከ30 ካለፈ 30 ቀንሶ ወደሚቀጥለው ወር መግባት። ቺሊ ነፃነቷን ያወጀችው ፌብሩዋሪ 12 ነው፤ 25 ሲደመር 11፣ 36፤ የካቲት 6። የፊዚክስ ሊቁ ጁል የተወለደው ዲሴምበር 24 ነው፤ 23 ሲደመር 23፣ 46፤ ታኅሣሥ 16 ቀን 1811።

ከዚያ በዕለት መፈተሽ አይቀርም፤ ይህን የዘለለ ሰው ስህተቱን አያገኘውም። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ስሌት፣ 1810 ላይ 5500 ሲደመር 7310፤ ራብዒቱ (አራተኛ እጁ) 1827፤ ድምሩ 9137፤ ለሰባት ሲገደፍ (ለሰባት ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 2 ይተርፋል፤ ሁለት ረቡዕ ነው። መስከረም 1 ረቡዕ ከሆነ ሚያዝያ 28 ከእሱ 237 ቀን ይርቃል፤ 237 ለሰባት ሲገደፍ 6፤ ከረቡዕ ስድስት ቀን ሲቆጠር ማክሰኞ። በፈረንጁም ሜይ 5 ቀን 1818 ማክሰኞ ነበር። ሳን ማርቲን በማይፑ የስፔንን ደጋፊዎች ጦር የሰበረበት ኤፕሪል 5ም በሁለቱም በኩል እሑድ ወጥቷል፤ መጋቢት 28።

ሩሲያውያን ሌላ ነገር ናቸው። ኋላ የገባሮችን ነፃነት ያወጀው ዳግማዊ አሌክሳንደር ሞስኮ ውስጥ የተወለደው በራሳቸው አቆጣጠር ኤፕሪል 17፣ በምዕራቡ ኤፕሪል 29 ነው። ሁለቱም ወደ ሚያዝያ 22 ይመጣሉ፤ ጣጣው አንዱን ቀን በሌላው ሒሳብ መመለስ ነው፤ ያኔ 12 ቀን ይዛነፋል። የድሮው የሩሲያ ቀን በእጅ ካለ እሱን መያዝ ይሻላል። የሠግር ዓመታቸው (አንድ ቀን የሚጨመርበት ዓመት) ሥርዓት ከእኛው ጋር አንድ ስለሆነ፣ የትኛውም ምዕተ ዓመት ቢሆን ልዩነቱ አይለወጥም።

አሁን ወደ ከባዱ። ቀኑ ያልታወቀ ሰው እንዴት ይገባል? ፍሬድሪክ ዳግላስ በሜሪላንድ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ራሱ 1817 ይመስለው ነበር፤ በጌታው መዝገብ የተገኘው ግን ፌብሩዋሪ 1818 ነው፣ ያለ ቀን። ፌብሩዋሪ በእኛ ከጥር 25 እስከ የካቲት 22 ስለሚሄድ ወሩን መጻፍ አይቻልም፤ ዓመቱ ግን ያለ ጥርጥር 1810 ነው። ስለዚህ መስመሩ «1810፣ ጥር ወይም የካቲት» ብቻ ይላል።

ካሣ ኃይሉ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ ይህ መዝገብ የተከፈተባቸው ሰው ናቸው ማለት ይቻላል፤ የሚያስቁትም እሳቸው ናቸው። የውጭዎቹ ጽሑፎች «1818 ገደማ» ይላሉ። በአማርኛ የሚዞረው ደግሞ ጥር 6 ቀን 1811፣ ቋራ ነው። ይህ ቀን ሲመለስ ጃንዋሪ 13 ቀን 1819 ይሆናል! ቀኑን ያመነ ሰው ንጉሡን ከዓመቱ ማውጣት አለበት፤ «ገደማ»ን የያዘ ያስገባቸዋል። ሁለቱን አጣብቆ «ጥር 6 ቀን 1811፣ ማለትም 1818» ማለት ግን ከታኅሣሥ 24 እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 23 ደግሞ 7 ዓመት ይደመራል የሚለውን ደንብ መርሳት ነው። እኛ በእርሳስ፣ ከ«ገደማ» ጋር ይዘናቸዋል።

የአገር ቤቱ ረድፍ አጭር ነው። በጎንደር አፄ እጓለ ጽዮን በዚያ ዓመት ሞተው ዳግማዊ ኢዮአስ ተተኩ፤ ሥልጣኑ ግን ደብረ ታቦር በራስ ጉግሣ እጅ ነበር። ሸዋን ሣህለ ሥላሴ ይገዙ ነበር። እዚህ ላይ ነገሥታቱን ብቻ ጽፎ ራስ ጉግሣን መተው ዓመቱን ባዶ ያደርገዋል።

የቆመው የድርዒያ መስመር ነው። የግብፁ ኢብራሂም ፓሻ የመጀመሪያውን የሳዑዲ መንግሥት መናገሻ ለወራት ከቦ በሴፕቴምበር 1818 አስገበራት። የመጨረሻው ቀን ከጽሑፍ ጽሑፍ ይለያያል፤ ልዩነቱም የጥቂት ቀን ነው። እነዚያ ጥቂት ቀኖች ግን እንቁጣጣሽን ይሻገራሉ። ሴፕቴምበር 9 ከሆነ ጳጉሜን 5 ቀን 1810፣ ሴፕቴምበር 11 ከሆነ መስከረም 2 ቀን 1811። ዳግላስ ላይ ወሩ ጠፍቶ ዓመቱ ተገኘ፤ እዚህ ዓመቱ ራሱ ይንገዳገዳል። የሂጅራው (የእስልምናው አቆጣጠር) ቀን እስኪገኝ ድረስ መስመሩ «1810/11» ተብሎ ይቆያል። በሂጅራው 1233 ነው፤ 1234 የሚገባው በኦክቶበር ማብቂያ ስለሆነ ቢያንስ በዚያ በኩል ጭቅጭቅ የለም።