ለቤዝ ጊታሬ የሲንት ፔዳል ስመርጥ የተማርኩት

በካሴት ዘመን ማብቂያ ላይ የወጡ ብዙ ዘፈኖች ቤዛቸው በኪቦርድ የተሠራ ነው። ሰዉ ጆሮው የለመደው፣ ሰርግ ላይም አጫውቱልን የሚለው ያንን ወፍራም፣ የሚነዝር ድምፅ ነው። እኔ ባሕር ዳር ውስጥ በሰርግና በሆቴል በሚሠራ ባንድ ቤዝ እጫወታለሁ። ኪቦርዲስታችን ያንን ቤዝ በግራ እጁ ሊይዘው ይችላል፤ ብዙ ባንድም እንዲህ ነው የሚሠራው። ግን ቤዝ ጊታር ከድራሙ ኪክ (በእግር ከሚመታው ትልቁ ከበሮ) ጋር ሲገጥም ያለውን ግፊት ኪቦርድ አይሰጥም ብዬ አምናለሁ። የሲንት ፔዳል፣ ማለትም የቤዝ ጊታርን ድምፅ እንደ ሲንተሳይዘር የሚያደርግ በእግር የሚረገጥ ሣጥን፣ ፍለጋ የገባሁት ጣቴ እንዳለ ሆኖ ድምፁ እንዲቀየር ፈልጌ ነው።

የቤዝ ሲንት እየተባሉ የሚወሩት ፔዳሎች ውስጣቸው በጣም ይለያያል። ቀላሉ ኦክታቨር ነው። ቦስ በ1982 ያወጣው ኦሲ-2 የምትመቱትን ኖታ አንድና ሁለት ኦክታቭ (ያው ኖታ፣ ግን ወፈር ብሎ) ዝቅ አድርጎ ይጨምርላችኋል። ሲንት ተብሎ የተሠራ አይደለም። የሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ ግን ከክር ይልቅ ወደ ኪቦርድ ያደላል፤ ለዚህም ነው ቤዚስቶች ዛሬም የሚያሳድዱት። ቀጥሎ እንደ ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ቤዝ ማይክሮ ሲንት ያሉት አናሎጎች አሉ። እነዚህ የራሳችሁን የክር ድምፅ ወስደው ይቀርጹታል፤ ዝቅተኛ ኦክታቭ፣ ከፍተኛ ኦክታቭ፣ ስኩዌር ዌቭ (ሻካራው፣ የሚነዝረው የሲንት ድምፅ)፣ ከዚያም ድምፁን እያጠራና እያፈነ የሚከፈትና የሚዘጋ ፊልተር። ፊቱ ላይ የሚንሸራተቱ 10 መቆጣጠሪያዎች ተደርድረዋል። ከዚያ ዲጂታሎቹ ይመጣሉ። የቦስ ኤስዋይ-1 በ2019 የወጣ ሲሆን 121 ድምፆች አሉት። የሶርስ ኦዲዮ ሲ4 ደግሞ በስልክ ወይም በኮምፒውተር እየከፈታችሁ ድምፁን ከባዶ እንድትሠሩት ያስችላል።

121 ድምፅ ሲባል ልብ ይሰርቃል። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ያምራሉ። ግን እዚያ የሚያሳዩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ለብቻቸው ሆነው ረጃጅም ኖታ ነው የሚመቱት። የእኛ ችክችካ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ለሥራ ከሚመጡ ቤዚስቶች ፔዳል እየተዋስኩ ልምምድ ላይ ስሞክር መለኪያዬን አንድ አደረግኩት። የጎጃም ሰርግ ምት ይመታል፣ እኔ ከሥሩ እገባለሁ፣ ፔዳሉ ይከተለኛል ወይስ አይከተለኝም? ኪቦርዲስታችን በዕድሜ ታላቃችን ነው፣ ጋሼ ነው የምንለው። አንድ የሚያምር ድምፅ አግኝቼ ስደሰት፣ «አንተ ልጅ፣ ድምፁን ተወውና ከኪኩ ጋር መግጠሙን ስማ» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ በዚህ ተለካ።

ነገሩን በቁጥር ሳየው ይበልጥ ገባኝ። ያልተጫነው የኢ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ በሰከንድ 41 ሞገድ ማለት ነው። አንዱ ሞገድ ብቻ ተጀምሮ እስኪያልቅ 24 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኖታውን ፈልጎ ማወቅ ያለበት ፔዳል ቢያንስ አንድ ሞገድ ማየት አለበት፤ እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ከፈለገ ወደ 50 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። በስድስት ስምንተኛ ምት፣ በደቂቃ 120 ዋና ምት ስንጫወት ደግሞ እያንዳንዷ ትንሽ ኖታ 167 ሚሊሰከንድ ብቻ ናት ያላት። ከዚያ ላይ 50 ከተቆረጠ ሰዉ ምን እንደጎደለ ባያውቅም ትከሻው ያውቀዋል። እስክስታው ይላላል።

መፍትሔው ከፔዳሉ ይልቅ እጄ ላይ ነው የተገኘው። እጄን ወደ ላይ አወጣሁት። በኤ ክር ሰባተኛው ፍሬት (በቤዙ አንገት ላይ ካሉት የብረት መስመሮች ሰባተኛው) ላይ ያለው ኢ 82 ኸርዝ ነው፤ አንድ ሞገድ በ12 ሚሊሰከንድ ያልቃል። ፔዳሉ ቶሎ ይይዘዋል። ከዚያ ኦክታቩን አንድ ዝቅ ሲያደርገው ያው 41 ኸርዝ ላይ ትወርዳላችሁ፤ ኖታው ያው ነው፣ አያያዙ ግን በጣም የጠራ ነው። ታች ፍሬቶች ላይ እየተንቀጠቀጠ ያስቸገራችሁ ኦክታቨር ካለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ሌላው ክሩን ማፈን ነው። ሁለት ኖታ ከተደራረበ ፊልተሩ እንደገና አይነሳም፣ ዝቅተኛው ኦክታቭም ግራ ይገባዋል። በየኖታው መካከል በግራ እጄ ክሩን ማፈን ልማድ አድርጌዋለሁ። ለችክችካም ራሱን የቻለ ውበት ሰጠው።

ቦታውም ፔዳል ያስመርጣል። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ሲደራረብ ግማሹ ሥራችን ጣና ዳር ባሉ ሆቴሎች ግቢ ውስጥ ነው። ልምምድ የምናደርግባት ትንሽ ክፍል ውስጥ ግድግዳውና ማዕዘኑ ዝቅተኛውን ድምፅ ያጎሉታል፤ ሆድ ውስጥ ይገባል። ሐይቁ ዳር ግድግዳ የለም። ድምፁ ወደ ውሃው ይሄዳል፣ አይመለስም። በዚያ ላይ ያልተጫነ ኢ አንድ ኦክታቭ ሲወርድ 20 ኸርዝ ላይ ነው የሚያርፈው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማበት የመጨረሻው ጠርዝ ማለት ነው። ለሰርግ የምንከራያቸው ስፒከሮች እዚያ አይደርሱም፣ አምፑ ግን ጉልበቱን ይጨርስበታል። ስለዚህ ደጅ ስንጫወት ዝቅተኛውን ኦክታቭ እቀንስና ስኩዌር ዌቩንና ፊልተሩን ከፍ አደርጋለሁ። ጆሮ ቤዙን የሚለየው ከላይ ባለው በዚያ ነዝር ነው።

በመጨረሻ ቤዝ ማይክሮ ሲንትን መረጥኩ። የራሴን ክር ስለሚቀርጽ ጣቴ ውስጡ ይሰማኛል። ስንሸራተት አብሮኝ ይንሸራተታል። ይህ ለእኛ ቅኝት ትልቅ ነገር ነው። ኖታውን ለይተው ራሳቸው ሌላ ድምፅ ከሚያመነጩት መካከል ድምፁን ወደ ቅርቡ ግማሽ ቶን የሚጎትቱ አሉ፤ ከማሲንቆ ጋር ስትጫወቱ ያ ነገር ደረቅ ይሆናል። የ10ሩ መቆጣጠሪያ ጉዳት ግን አለው። ድምፅ ማስቀመጫ ስለሌለው በዘፈን መካከል መቀያየር አይቻልም። አንድ ጥሩ ቦታ አግኝቼ በማርከር ምልክት አድርጌበታለሁ። በየዘፈኑ ድምፅ መቀየር የሚፈልግ ሰው ዲጂታሉን ቢወስድ ይሻለዋል።

የመብራትን ነገር ዘልዬ አላልፍም። ፔዳሉን ያመጣችልኝ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ከዚያ የሚመጣ አዳፕተር ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ እኛ ጋ ባለው 220 ላይ አትሰኩት፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ፈልጉ። የፔዳሉንም ቮልትና የፕላስና የማይነስ አቅጣጫ ከጀርባው አንብቡ። ሌላው የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ መሆኑ ነው። በኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ 49 ኸርዝ ነው፤ ጎረቤታሞች ናቸው። ግራውንድ የሌለው ሶኬት ላይ የሚሰማው ሁምታ (የኤሌክትሪኩ ጉምጉምታ) በስኩዌር ዌቭ ሲባዛ አንድ ሰው ጂ ይዞ የቆመ ይመስላል። ፔዳሉን ከቤዙ ቀጥሎ መጀመሪያ ላይ አድርጉት፣ ገመዱ አጭር ይሁን፣ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀመር አጥፉት። ትሪገር የሚለውንም፣ ፊልተሩ በምን ያህል ድምፅ እንደሚነሳ የሚወስነውን፣ ሁምታው እስከማይቀሰቅሰው ድረስ አውርዱት።

የተፈጥሮውን የቤዝ ድምፅ በፍጹም ሙሉ በሙሉ አላጠፋም። ከሲንቱ ጋር ሁልጊዜ ትንሽ ይቀላቀላል። ፊልተሩ ሲዘጋ ቤዙ እንዳይሰወር የሚይዘው እሱ ነው። ለትዝታ ደግሞ ፔዳሉን ጭራሽ አልነካውም፤ ትዝታ የጣትን ትንፋሽ ይፈልጋል።

የቀረው ከጋሼ ጋር መስማማት ነበር። ሁለት ሲንት ቤዝ አንድ ላይ ሲወርድ ጭቃ ነው፣ ሳውንድ ማኑም ምንም ሊያደርግ አይችልም። አሁን የዘፈን ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን ታቹን ማን እንደሚይዝ እንጽፋለን። እኔ በያዝኩበት እሱ ግራ እጁን ወደ ላይ ያወጣል። እሱ በያዘበት ደግሞ እኔ ፔዳሉን አጥፍቼ ከላይኛው ፍሬት አካባቢ እሞላለታለሁ።