ሃሮ ላይ የ1964ቱን ጠርሙስ ልግዛ ወይስ ልተው?

ሰሜን ስፔን ውስጥ ከቢልባኦ ወደ ወይን ከተማዋ ሃሮ የሚወስደው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስንነሳ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነበር፤ ካፊያውም አላቋረጠም። ተራሮቹን እንዳለፍን ግን ሰማዩ ተከፈተ። መሬቱ ቀላ፣ ደረቅ አለ። ግራና ቀኙ የወይን ማሳ ብቻ ሆነ። ከባሕሩ የሚመጣውን ዝናብና ብርድ የካንታብሪያ ተራሮች ይመክቱታል። ከእነሱ በስተደቡብ የኤብሮ ወንዝ ይፈሳል። ሪዮሃ የሚባለው የዚህ አካባቢ ወይን የሚለማው በዚህ ሸለቆ ነው።

የመጣሁት ለሽርሽር ብቻ አይደለም፤ ተልኬም ነው። ፍራንክፈርት የሚኖረው አጎቴ 60 ዓመት ሊሞላው ነበር። ልጆቹ ተመካከሩና «አባዬ በተወለደበት ዓመት የተጠመቀ የስፔን ወይን ይገዛለት» ብለው ወሰኑ። ስፔን የምሄደው እኔ ነኝና ሥራው እኔው ላይ ወደቀ። ጋሼ የተወለደው በሚያዝያ 1956 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1964 መሆኑ ነው። ዕድለኛ ነው። 1964 ለሪዮሃ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ምርጥ ዓመቶች አንዱ ነው ይባላል። ችግሩ፣ ወይን እዚህ አገር የሚለቀመው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር የ1964ቱ ወይን የ1957 ይሆናል፤ ጋሼን አያክልም። ይህን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

አብሮኝ የመጣው ጓደኛዬ ሐሳቡን ከመጀመሪያውም አልወደደውም። «ለትልቅ ሰው ውስኪ ነው የሚገዛው» ይለኛል አውቶቡሱ ውስጥ። «ውስኪ ቢያንስ አይበላሽም።» የተናገረው ለቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን እውነት አለው። የተዘጋ ውስኪ ሃምሳ ዓመት ቢቀመጥ ያው ውስኪ ነው። ወይን ግን ጠርሙስ ውስጥ ሆኖም ይለወጣል። ያድጋል፣ ይበስላል፣ ከዚያም ይሞታል።

ሃሮ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነዋሪዋ 12 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ትልልቆቹ የወይን መጥመቂያ ቤቶች ግን በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ተደርድረዋል። ሰፈሩም የጣቢያው ሰፈር ይባላል። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1863 ነው። ብዙም ሳይቆይ ፊሎክሴራ የምትባል፣ የወይን ሥር የምትመጥ ተባይ የፈረንሳይን ማሳ ፈጀችው። የቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ፍለጋ ወደዚህ ወረዱ። በርሜሉን ከጓዳ አውጥቶ ፉርጎ ላይ መጫን የሚቻልበት ቦታ ደግሞ ወርቅ ነበር። ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ በ1877፣ ኩኔ በ1879፣ ላ ሪዮሃ አልታ በ1890 ተመሠረቱ። ዛሬም ጎረቤት ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል። 225 ሊትር የሚይዘው በርሜል ራሱ የቦርዶ ሰዎች መለኪያ ነው። ፈረንሳዮቹ ሄዱ፣ በርሜላቸው ቀረ።

ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ በር ላይ አርክቴክቷ ዛሃ ሃዲድ የነደፈችው፣ የወይን ማንቆርቆሪያ ቅርጽ ያለው ዘመናዊ ሱቅ አለ። ጓደኛዬ እሱን ፎቶ ሲያነሳ ዋለ። እኔን ግን የገረመኝ ከመሬት በታች ያለው ነው። ዋሻው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ግድግዳውን ሻጋታ ለብሶታል፤ የሸረሪት ድሩ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ማንም አይጠርገውም። ሸረሪቶቹ ቡሹን የሚበሉትን ነፍሳት ስለሚያድኑ እንደ ሠራተኛ ነው የሚታዩት። በርሜሎቹንም እዚያው ግቢ ውስጥ የሚሠሩትና የሚጠግኑት የራሳቸው አናጢዎች ናቸው።

እዚህ ነው ስለ መለያው ጽሑፍ የነበረኝ ግምት የተስተካከለው። የሪዮሃ ጠርሙስ ጀርባ ላይ ትንሽ ባለ ቀለም ወረቀት ይለጠፋል። ቀይ ከሆነ ክሪያንሳ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቆይቷል፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን በበርሜል። ሬሰርቫ ቢያንስ ሦስት ዓመት ነው። ሰማያዊው ግራን ሬሰርቫ ነው፤ አምስት ዓመት፣ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ በበርሜል። ሰው ይህን የጥራት ደረጃ ያደርገዋል። ወረቀቱ ዋስትና የሚሰጠው ግን ለቆይታው ነው። ለዚያውም ለዝቅተኛው ብቻ። የዚህ ቤት ቪኛ ቶንዶኒያ ሬሰርቫ ስድስት ዓመት ገደማ በርሜል ውስጥ ይከርማል። ሕጉ ለግራን ሬሰርቫ ከሚጠይቀው ሦስት እጥፍ ነው! በሌላ በኩል ሱፐርማርኬት ውስጥ በጣም ርካሽ ግራን ሬሰርቫ ሞልቷል። ሰማያዊው ወረቀት ያው ነው፤ ወይኑ ግን አይገናኝም።

ሌላም ማስጌጫ አለ፤ በጠርሙሱ ዙሪያ የሚታሰረው ወርቃማ የሽቦ መረብ። ድሮ አጭበርባሪ ጠርሙሱን ከፍቶ ርካሽ ወይን እንዳይሞላበት የታሰበ ነበር። ዛሬ ጌጥ ነው። ለጌጥ ገንዘብ መክፈል የሚፈልግ ይክፈል።

የቆየውን በብርጭቆ አዝዘን ቀመስን። ቀለሙ ጫፉ ላይ ወደ ጡብ ያደላል። እንደ አዲስ ወይን ጠቆር፣ ወፈር አይልም። ሽታው ደግሞ የአያቴን የልብስ ሣጥን ስከፍት የሚመጣው ዓይነት ነው፤ አሮጌ እንጨት፣ ቆዳ፣ ትንሽ ትምባሆ፣ ከሥሩ የደረቀ ፍራፍሬ። የቫኒላና የኮኮናቱ ሽታ ከአሜሪካ ኦክ እንጨት የሚመጣ ነው፤ የድሮዎቹ የሪዮሃ ቤቶች የሚወዱት እሱን ነው። አፍ ላይ ቀጭንና ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ከዋጡት በኋላ ግን ጣዕሙ ቶሎ አይለቅም። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ፉት አለና ፊቱን አጨፈገገ። «ይሄ ነገር አቼቶ ሊሆን አንድ ሐሙስ አልቀረውም እንዴ?» ቀይ ወይን በኮካ እየበረዘ ያደገ ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን ጥያቄው የገዢ ሁሉ ጥያቄ መሆን አለበት። ቆየት ያለ ባህላዊ ሪዮሃ የፍሬ ጣዕም፣ ጥንካሬና ጣፋጭነት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ብዙ ዩሮ ከማውጣት በፊት አንድ ብርጭቆ መቅመስ ይሻላል። የጣቢያው ሰፈር ቤቶች በብርጭቆ ስለሚሸጡ ይህ ከባድ አይደለም።

ጋሼ ይወደዋል? ይወደዋል ብዬ አሰብኩ። ስኳር የሌለው ቡና የሚጠጣ፣ ምግብ ላይ ረጅም ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ነው። የቀረው ጠርሙሱን ማግኘት ነበር።

ጠርሙሱ ሩቅ አልነበረም። መሀል ከተማ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ ግራን ሬሰርቫ 1964 ቆሞ ነበር። 240 ዩሮ። ዓመተ ምሕረቱን ሳየው ልቤ ደነገጠ። ጓደኛዬ ደግሞ ዋጋውን ሲያየው።

ሱቁ ገብተን ጠርሙሱን ይዤ ወደ ብርሃን አዞርኩት። መጀመሪያ የሚታየው የወይኑ ከፍታ ነው። ቡሹ ትንሽ አየር ያሳልፋል፤ ወይኑም በዓመታት ውስጥ በትንሹ ይተናል። በዚህ ዕድሜ ወይኑ ከአንገቱ በታች ትንሽ ቢወርድ አይገርምም። ይህኛው ግን የትከሻው መሀል ደርሷል። የወጣው ወይን ቦታ አየር ገብቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ቀለሙ ነው። ጡብማ ቢሆን እሺ፤ ይህ ጭልጥ ብሎ ቡኒ ሆኗል። የአንገቱ መሸፈኛ ሥር የደረቀ የወይን ዱካ አለ፤ አንድ ጊዜ ፈስሷል። ከሁሉ የባሰው ግን አቀማመጡ ነው። ጠርሙሱ ቆሟል፤ ቡሹ ከወይኑ ጋር አይገናኝም፣ ስለዚህ ይደርቃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀሐይ ትመታዋለች።

ባለሱቋ ቅን ሴት ነች። የት ነበር ብዬ ስጠይቃት ከአንድ ቤተሰብ ቤት እንደገዛችው ነገረችኝ። ከዚያ በፊት የት እንደቆየ አታውቅም። ተበላሽቶ ቢገኝስ? ያረጀ ወይን ከተሸጠ በኋላ አይመለስም አለች። ትክክል ነች፤ በዚህ ዕድሜ አደጋው የገዢው ነው።

ትንሽ ቆምኩ። በመጠጥነቱ ካየነው አያወጣም። ለዓመተ ምሕረቱ፣ ለመደርደሪያ ጌጥ ከሆነ ያወጣ ይሆናል። የጋሼ ልጆች የፈለጉት ግን ተከፍቶ የሚጠጣ ነው፤ ሃያ ሰው በተሰበሰበበት ጠረጴዛ ላይ። የ1964 ሪዮሃ ሁሉ ሞቷል እያልኩ አይደለም። ከተጠመቀበት ዋሻ ሳይወጣ የኖረ ጠርሙስ ዛሬም ሊያስደንቅ ይችላል። እንዲህ ያለው ግን ዋጋው ሌላ ነው፤ በእኛ መዋጮ አይደረስበትም። በዚህ ዕድሜ ዓመቱ ምንም ቢወደስ፣ የሚወስነው የእያንዳንዱ ጠርሙስ ኑሮ ነው። የዚህን ጠርሙስ ኑሮ የሚናገርልኝ ሰው አላገኘሁም። ተውኩት።

ለጋሼ ልጅ ደወልኩላት። «ታዲያ ምን ልናደርግ ነው?» አለች። አባትሽ ከመወለድ ሌላ ምንም አላደረገም እንዴ አልኳት። ሳቀችና አሰበች። በ2010 የመጀመሪያ የልጅ ልጁን አየ። 2010 ደግሞ የሪዮሃ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት «እጅግ በጣም ጥሩ» ካላቸው ዓመቶች አንዱ ነው፤ 2001፣ 2004፣ 2005 እና 2011ም እንዲሁ ናቸው። ዕድሜው ለግራን ሬሰርቫ ልክ ነው። የበርሜሉ ሽታ በርዷል፤ ፍሬው ገና አልጠፋም።

ሌላ ሱቅ ሄድን፤ ይህኛው ጠርሙሶቹን ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ አጋድሞ ነው የሚያስቀምጠው። የ2010 ላ ሪዮሃ አልታ ግራን ሬሰርቫ 904 አገኘን። ይህ ወይን አራት ዓመት ያህል በአሜሪካ ኦክ በርሜል የሚቆይ ነው፤ በጣም የድሮውን ዘዴ የያዘ። የወይኑ ከፍታ አንገቱ ድረስ፣ ቀለሙም ገና ቀይ ነው። የአንዱ ዋጋ የ1964ቱን ግማሽ አይሞላም። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ ቡሹ ካበላሸው መጠባበቂያ ይሆናል። የረጠበ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ቡሹ አበላሽቶታል ማለት ነው፤ ይህ አዲሱም ውድም ወይን ላይ ይደርሳል።

ማታ እራት የበላነው አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው። በደረቀ የወይን ሐረግ ፍም ላይ የተጠበሰ ትንንሽ የበግ ጎድን። አጥንቱን ይዞ በእጅ ነው የሚበላው፤ ለእኛ ሰው የሚመች ነገር ነው። ከእሱ ጋር ክሪያንሳ አዘዝን፣ ርካሹን። ጓደኛዬ ሁለተኛ ጠርሙስ አስጨመረ። «ይሄንን ለምን አንገዛለትም ታዲያ?» አለኝ። ለዕለት እራት ቢሆን ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

ለልጆቹ መመሪያ ጽፌ ላክሁ። ጠርሙሶቹ ከበዓሉ በፊት ሙሉ ቀን ይቁሙ፤ አተላው ወደ ታች እንዲዘቅጥ። ፍሪጅ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ገባ ብለው ይውጡ፤ 17 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ቀስ ተብሎ ይቀዳ፤ የመጨረሻው ሁለት ጣት ጠርሙሱ ውስጥ ይቅር። ከጥብስ ጋር ይቅረብ፤ በርበሬው ግን ለስለስ ያለ ይሁን። ዶሮ ወጥ ላይ እንዳታወጡት፤ በርበሬው ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጉርሻ ያጠፋዋል። ለዶሮው ቢራ ግዙ።