ከእሳት ከውኃ

እናቴ በየወሩ በ12 የሚካኤልን ዝክር ታዘክራለች። ሁልጊዜ የምትለምነው አንድ ነው፤ "ልጄን ከእሳት ከውኃ ጠብቅልኝ።" ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለኖርኩ እንደ ማንኛውም ምርቃት ነበር የምቆጥረው።

የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውኃ ውስጥ መጥለቅ፣ የተማርኩት እዚሁ ነው፤ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ባለፈው ሰኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስድስት ሆነን አይስላንድ ሄድን። እዚያ ሲልፍራ የሚባል በውኃ የተሞላ ስንጥቅ አለ። የሰሜን አሜሪካና የዩራሲያ የመሬት ንጣፎች ሲራራቁ የተከፈተ ነው። ውኃው ከላንግዮኩል የበረዶ ግግር ቀልጦ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተጣርቶ ይመጣል። ክረምት ከበጋ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ከ100 ሜትር በላይ አሻግሮ ያሳያል። ስገባ ውኃ ውስጥ ሳይሆን ገደል አፋፍ ላይ በአየር የተንጠለጠልኩ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም።

10 ሜትር ገደማ ላይ ስንጥቁ ጠበበ። ተከታትለን ነበር የምንሄደው፤ እኔ መጨረሻ ነኝ። ፍርሃት ያዘኝና ትንፋሼ ፈጠነ። በዚያ ብርድ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ሬጉሌተሩ (ከሲሊንደሩ አየር የምንስብበት፣ አፍ ላይ የሚያዝ መሣሪያ) ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ አየሩ መቆሚያ ያጣል። የኔም እንደዚያ ሆነ። አየሩ ባንዴ ተንፎለፎለ። አረፋው ዓይኔን ጋረደኝ። ከንፈሬ ደንዝዟል፣ ጣቶቼ አይታዘዙኝም። የግፊት መለኪያው ዓይኔ እያየ ይወርዳል። ብርር ብዬ ልውጣ አልኩ፤ እንደዚያ መውጣት ደግሞ ሳንባ ሊቀድድ ይችላል። አጣማሪዬ፣ ጥንድ ሆነን የምንጠልቀው ጓደኛዬ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየሄደ ነው። ውኃ ውስጥ ደግሞ ጮኸው አይጠሩ!

"የሚካኤል አምላክ፣ የእናቴን ልመና አስብ" አልኩ በልቤ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ልቤ ረጋ። የተማርኩት ትዝ አለኝ፤ ራሴን ዘንበል አድርጌ ከሚወጣው አየር በጥቂቱ መሳብ ጀመርኩ። ቀና ስል አጣማሪዬ ወደ እኔ እየመጣ ነው! ትርፍ ሬጉሌተሩን አጎረሰኝ። መሪያችን ደርሶ ሲሊንደሬን ዘጋው። ተያይዘን ቀስ ብለን ወጣን።

ጓደኛን ዞሮ ማየት ደንብ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ቀደም ብሎ ዞሮ አይቶኝ ነበር። "ለምን ተመለስክ?" ስለው "እንጃ፣ ብቻ ዙር ዙር አለኝ" አለኝ።

ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ገና "ሄሎ" ሳልል፣

"እንኳን ለሰኔ ሚካኤል አደረሰሽ ልጄ!"

ቀኑን በፈረንጅ ስለምቆጥር ጭራሽ ረስቼው ነበር። ዝክሩ ስንት ሰዓት እንደነበር ጠየቅኳት። "ሰባት ሰዓት ላይ ጸሎቱ ደረሰ" አለችኝ። እኛ የጠለቅነው እዚያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ በአገር ቤት ሰባት ሰዓት ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ እልል አለች።

ስለቴ ጥላ ነው። ለኅዳር 12 ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።