ሁሉም ሞት ፈንግል አይደለም

የምኖረው ደሴ ነው፤ የምሠራው ኮምቦልቻ፣ የእንስሳት በሽታ ላብራቶሪ ውስጥ። ሰኞ ጠዋት ሐረጎን ቁልቁል ስንወርድ ጎረቤቴ እትዬ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ነበሩ። ጭናቸው ላይ ድርብ ፌስታል ይዘዋል፤ ውስጡ ሌሊት የሞተች ቄብ አለች።

«ፈንግል ነው ልጄ። ሦስተኛዋ ናት» አሉኝ።

እኛ ሰፈር ዶሮ ከሞተ ፈንግል ነው። ፈንግል ግን የቫይረስ በሽታ ነው፤ የእትዬ ዶሮዎች ደግሞ ክትባቱን ወስደዋል። ስንከፍታት ጉበቷ አብጦ ነሐስ መስሏል። ጣፊያዋም አብጧል። ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ጠረጠርኩ፤ የዶሮ ታይፎይድ የሚያመጣውን። በዓይን ብቻ ግን አይፈረድም።

ከጉበቷ ቆንጥረን ከፊሉን ባክቴሪያው እንዲያድግ ዘራነው፤ ከቀሪው ዲኤንኤ አወጣን። የተዘራው ቀናት ይፈልጋል። የተፈለገውን የዲኤንኤ ቁራጭ የሚያባዛው ፒሲአር ግን በሰዓታት ያልቃል፤ ይህን ሥራ የምወደውም ለዚህ ነው። ማሽኑ 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ድርቡ ዲኤንኤ ይላቀቃል። ረገብ ሲል ፕራይመር የምንላቸው አጫጭር ቁርጥራጮች የሳልሞኔላን ጂን ካገኙ ይለጠፉበታል። 72 ዲግሪ ላይ ኢንዛይሙ ቅጂውን ይሠራል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ፣ ሁሉም ከሰመረ፣ በ30 ዙር አንዷ ቁራጭ ከ1 ቢሊዮን ትበልጣለች። የተባዛው ዲኤንኤ ጄል የምንለው የረጋ ነገር ላይ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ጂኑ ከሌለ የሚባዛ ነገር የለም። ከጎኑ ሁልጊዜ ውሃ ብቻ ያለበት ቱቦ አስገባለሁ። እሱ ላይ መስመር ከታየ ናሙናችን ተበክሏል ማለት ነውና ሁሉንም እንደገና እጀምራለሁ።

በማግስቱ የቄቧ መስመር ጄሉ ላይ ደምቆ ወጣ። የውሃው ባዶ ነው። ዓይነቱን የሚለዩት ሌሎቹ ፕራይመሮችም የዶሮ ታይፎይድ መሆኑን አረጋገጡ።

ፒሲአሩ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አልነገረንም። ለዚያ የዘራነውን መጠበቅ ነበረብን። እትዬ ደግሞ ለሳምንት ያህል ከሱቅ የገዙትን ቴትራሳይክሊን በውሃ እየበጠበጡ ሰጥተዋል። ሻጩ «ዶሮዎቹ ምን ሆኑ?» ብሎ እንኳ አልጠየቃቸውም። ይሄ ያንገበግበኛል። በግምት የሚሰጥ መድኃኒት ባክቴሪያውን ያለማምደዋል።

ማታ ቤታቸው ሄጄ ቶናው ላይ ነገርኳቸው። የዳኑትም ዶሮዎች ጀርሙን ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በእንቁላል ወደ ጫጩት ያልፋል።

«ያስታቀፍኳትስ?»

«እንቁላሉ ከነዚሁ ከሆነ፣ ባይፈለፈል ይሻላል እትዬ።»

ዝም አሉ። ስኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ከታቀፈችው ዶሮ ሥር እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር።