ሁለቱ ሸንተረሮች

መኪናዋ ገላን ወደሚገኘው ጋራዣችን በጭነት መኪና ተጭና የገባች ዕለት፣ በግቢው ውስጥ ሥራውን የቀጠለ ሰው አልነበረም። ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በርና ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያዋ ከፊት መስታወቱ አናት ተነሥቶ እስከ ኋላ መብራቷ ድረስ ሳይሰበር የሚወርድ፣ በየትኛውም ጎኗ የአምራች ምልክት የሌላት መኪና ነበረች። ባለቤቷ ከአባታቸው የወረሷት ወይዘሮ ናቸው። ሊብሬው ላይ «ቮልስዋገን» ከሚለው በቀር ስለ ማንነቷ የሚናገር ቃል የለም፤ አብሯቸው የመጣው መኪና ነጋዴ ግን በጣሊያኗ ከተማ ቱሪን ውስጥ በእጅ የተሠራች ናት ብሎ አሳምኗቸዋል። ከእኔ የሚፈለገው ይህንኑ በጽሑፍ ማረጋገጥ ነበር።

ቦዲው የሚቀመጥበት መሠረት፣ ሻንሲው፣ አላስቸገረኝም። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ስለካው 240 ሴንቲ ሜትር መጣ፤ ይህ የቮልስ ልክ ነው። ወለሉን መሐል ለመሐል የሚያቋርጠው ቱቦ፣ ከኋላ የተቀመጠው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ በአምስት ብሎን የሚታሰረው ቸርኬ ሁሉም ያንኑ ይናገራሉ። የቮልስ ቦዲ በዙሪያው ያሉት ብሎኖች ሲፈቱ ተነሥቶ ሻንሲውን ብቻውን ስለሚተወው፣ የአውሮፓ ቦዲ ሠሪዎች ሌላ ቅርጽ ሊጭኑበት ይወዱት ነበር፤ በርሊን የነበረው ሮሜች እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ድረስ ሠርቶበታል፤ ካርማን ጊያም እ.ኤ.አ. በ1955 በዚሁ ዓይነት መሠረት ላይ ወጥታ፣ ቅርጿን ከቱሪኑ ጊያ፣ ሥራዋን ከኦስናብሩኩ ካርማን አገኘች። የሻንሲ ቁጥሩ የሚመታው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቱቦው ላይ ነው። ይህች መኪና የኋላ መቀመጫ ስለሌላት ቦታው በላሜራ ተሸፍኖ ነበርና፣ ሪቬቶቹን በድሪል አውጥቼ በሽቦ ብሩሽ ስፈገፍገው በ115 የሚጀምር ባለ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር ታየ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የመኪናውን ዓይነት፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት ያሳያሉ። 14 ቢሆን ኖሮ ካርማን ጊያ ትሆን ነበር፤ 11 ግን ሁላችንም የምናውቃት ቮልስ ናት፤ 5 ቁጥር ደግሞ የ1965 ሞዴል ማለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1956 ማብቂያ እስከ 1957 ዓ.ም. የተመረተች። ሮሜችም ጊያም በዚህ ከግምት ወጡ፤ ቦዲዋን የለወጠው ሰው ያገኛት ሙሉ ቮልስ ሆና ከፋብሪካ ከወጣች በኋላ ነው።

የቀረው ጥያቄ ያ ሰው ማን ነው የሚለው ነበር። ማግኔት ሳስጠጋ በሁሉም ቦታ ስለያዘ አልሙኒየም አለመሆኑን አወቅሁ፤ በጣቴ ቆርቆር ባደርገው ከቀለሙ ሥር ጉድለት የሚሞላው ስቱኮ ስስ መሆኑን የሚናገር ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። የፊት መስታወቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ጎባጣ መስታወት ምድጃና ቅርጽ ማውጫ ስለሚጠይቅ፣ ጠፍጣፋው ብቻውን የትንሽ ቤት ሥራ መሆኗን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ዳሩ ግን መዳፌን ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ፓራፋንጎዋ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ሳንሸራትተው አንድም ማዕበል አጣሁበት፤ ዓይኔም በዚያ መስመር ተማረከና የተቀረውን ሁሉ ተውሁት። ቀና ብዬም በወይዘሮዋ፣ በነጋዴውና በሠራተኞቼ ፊት «ይህ የጣሊያን እጅ ነው፤ እዚህ አገር እንዲህ አይሠራም» አልሁ።

ከኋላዬ «ለምን አይሠራም?» የሚል ድምፅ መጣ።

የተናገሩት በእኛ ጋራዥ ላሜራ እየቀጠቀጡ ቅርጽ የሚያወጡት አዛውንት ባትላሜራ ነበሩ። እኔ ሳልወለድ መዶሻ የጨበጡ፣ በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማይናገሩ ሰው ናቸው። መልስ አጣሁና «ጋሼ፣ ይህን መስመር ይዩትማ» አልኋቸው።

«አየሁት። አንተ ግን ከውጭ ነው ያየኸው። እጅህን በፓራፋንጎው ሥር አስገባና ጀርባውን ዳስሰው።»

ጎማው ወልቆ ስለነበር በጀርባዬ ተኝቼ እጄን አስገባሁ።

«ምን አገኘህ ልጄ?»

«ሸንተረር ነገር አለ፤ ተቀጥቅጦ የጠፋ፣ ግን ያለ።»

«ስንት?»

ደግሜ ዳሰስሁ። «ሁለት።»

«ሁለት ሸንተረር ያለው ላሜራ ምንድን ነው?»

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ከበሩ አጠገብ የተቃጠለ ዘይት የምናጠራቅምበት በርሜል ቆሞ ነበር፤ እንዲንከባለል የሚረዱት ሁለት ቀለበቶችም በወገቡ ላይ ነበሩ። ባለ 200 ሊትር በርሜል ክዳኑና ቂጡ ተቆርጦ፣ ጎኑ ተሠንጥቆ ሲዘረጋ ወደ 180 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ወደ 88 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ላሜራ ይሆናል። ሜትር ይዤ የብየዳ መስመሮቹን ከውስጥ አንድ በአንድ ለካሁ። ከጣሪያው እስከ ኋላ ክዳኑ ድረስ፣ በስፋቱ ከ88 ሴንቲ ሜትር ያለፈ አንድም ቁራጭ የለም።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምሁም። «በርሜል ጣሊያንም አገር አለ» አልሁ፤ እንዲህ ያልሁት ስላመንሁበት አልነበረም፤ በሰው ፊት የተናገርሁትን መመለስ ከብዶኝ ነው። እሳቸው አልተከራከሩኝም። ካቻቪቴ አንሥተው የቀኙን በር ከውስጥ የሚሸፍነውን ካርቶን ብሎን በብሎን ፈቱና ባትሪውን ለእኔ ሰጡኝ። ቀለም ባልነካው በላሜራው ውስጠኛ ገጽ ላይ በሹል ብረት «ቀኝ» ተብሎ ተጭሯል። ፊደሎቹ በጎናቸው የተኙ ናቸው፤ ላሜራው በሩ ላይ ከመገጠሙ በፊት በጠረጴዛ ላይ ሳለ የተጻፉ ስለሆነ ነው። በሌላው በር ደግሞ በዚያው እጅ «ግራ» ይላል።

ብዙ መኪና መርምሬ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ አንዱም እንደዚህ ውስጤ አልቀረም። የሚቆረቁረኝ «እዚህ አገር» ያልሁት ቃል ነው። በዚያው ሰሞን እኒሁ ሰው መለዋወጫ የጠፋለትን ፓራፋንጎ ከባዶ ላሜራ አውጥተው ሲገጥሙልኝ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ፤ ለሥራውም የከፈልሁት እኔ ነኝ። ታዲያ ዓይኔ ያየውን አፌ እንዴት ካደው? ሙያውን የምንጠራባቸው ቃላት ሳይጋርዱኝ አልቀሩም ብዬ አስባለሁ፤ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቪቴ፣ ባትላሜራ የሚለው ራሱ ሳይቀር ከጣሊያንኛ የመጣ ነውና፣ ስሙ የመጣበት ቦታ ለእኔ የጥበቡ ባለቤት ሆኖ ይታየኝ ነበር። መዶሻውን ስንት ዓመት የያዘው እጅ ግን የማን እንደሆነ አጠገቤ ቆሞ ይታየኛል።

ነጋዴው ወደ ጥግ ወሰደኝና «‹የውጭ አገር ሥራ› ብለህ ብትጽፍ ምን ይጎድልብሃል? የበር ካርቶን ከፍቶ የሚያይ ማን ነው?» አለኝ። ይህን ሲናገር ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ከዚያ ሰው አሮጌ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሁሉ የበሩን ካርቶን አስወልቆ ቢያይ ይበጀዋል። በወረቀቱ ላይ «በቮልስዋገን የ1965 ሞዴል ሻንሲ ላይ፣ ከበርሜል ላሜራ በኢትዮጵያዊ ባለሙያ እጅ የተሠራ ቦዲ» ብዬ ጻፍሁና ፈርሜ ማኅተም አሳረፍሁበት። ወይዘሮዋ አንብበው ሲጨርሱ ስለ ዋጋው አልጠየቁም፤ ወደ መኪናዋ ሄደው «ቀኝ» የሚለውን በጣታቸው ተከተሉት። ከዚያም ወደ አዛውንቱ ዞረው «አባቴ ጋራዥ ሲውል ‹ልብስ ሰፊዬ ጋ ነኝ› ይለን ነበር፤ ልብስ ሰፊ መስሎን ነው ያደግነው» አሏቸው።

መኪናዋ አልተሸጠችም፤ እንድትታደስ እኛው ጋ ቀረች። ቀለሟ ተፍቆ እንደገና ሲቀባ የበሮቹ ውስጠኛ ገጽ እንዳይነካ ወይዘሮዋ አደራ ስላሉ፣ ዝገት እንዳይበላው ዘይት ብቻ ልንቀባው ተስማማን። ጋሼ ግራውን በር ወስደው በጨርቅ በቀስታ ቀቡት፤ ሲጨርሱ ጨርቁን አቀበሉኝና ቀኙን ለእኔ ተዉልኝ።