የቁልቢው ገብርኤል ወንድሜን ከተራራ አወረደልኝ

የተደረገልኝን ለሰው ልመሰክር ተስያለሁና እነሆ እመሰክራለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ ተራራ የሚወድ ልጅ ነው። ስለ ጁንኮ ታቤ አውርቶ አይጠግብም። ይህች ጃፓናዊት በልጅነቷ ደካማ ትባል ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ግን ኤቨረስት ጫፍ የደረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከዚያ 12 ቀን ቀደም ብሎ የበረዶ ናዳ በሌሊት ድንኳኗ ላይ ወርዶ ቀብሯት፣ ራሷን ስታ፣ ሼርፓዎች፣ ተራራ የሚያስወጡ የሂማላያ ሰዎች፣ እግሯን ይዘው ጎትተው ነበር ያወጧት።

ባለፈው ኅዳር ወንድሜ ራስ ደጀንን ሊወጣ ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ያደሩበት ጨነቅ የሚባለው የተራራ ካምፕ ግን 3,600 ሜትር ይሆናል። ሰውነት አየሩን እስኪለምድ ቀስ ተብሎ ነው የሚወጣው፤ እነሱ ግን የዓመት ፈቃዳቸው አጭር ነበርና ቸኮሉ።

በሌሊት ጓደኛው ደወለልኝ። «እትዬ፣ ጸልዩለት፤ ትንፋሽ አጠረው» አለኝ። ቁጭ ብሎም ያፍነዋል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ሲያስል አረፋ ይወጣዋል። ከፍታው ሳንባው ውስጥ ውኃ አስቋጥሮ ነው። ይህ በሽታ በሰዓታት ይገድላል፤ ዋናው መድኃኒቱም ፈጥኖ መውረድ ነው።

ከዚራ ባለው ቤታችን ተንበረከክሁ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ ገብርኤል፣ ወንድሜን ከብርድ አውጣልኝ» አልሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ እርሷኑ ስደጋግም ነጋ።

የሆነውን በኋላ ሰማሁ። ጓደኞቹ ጨለማውንና ገደሉን ፈርተው እስኪነጋ እንጠብቅ ሲሉ፣ አብሯቸው የነበረው ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ «እስኪነጋ አይቆይም፤ አሁን ይውረድ» ብሎ መንገድ ላይ ወጥቶ ቆመ። በዚያ ሰዓት መኪና አያልፍም። ያን ሌሊት ግን ከጃናሞራ ወደ ደባርቅ የሚሄድ፣ ጎማው ፈንድቶ የዘገየ አይሱዙ መጣ። ጋቢና አስገቡት። ደባርቅ ሲደርሱ ትንፋሹ መለስ አለ፤ ጎንደር ኦክስጅን ተሰጥቶት ዳነ።

ሐኪሙ ያተረፈው መውረዱ ነው አለኝ። አምናለሁ። ያንን ጎማ ማን እንዳዘገየው ግን እኔ አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 19 የደንገጎን ዳገት ከወንድሜ ጋር በእግራችን ወጥተን ቁልቢ ደረስን፤ የተሳልሁትን ዣንጥላ አገባሁ። ወንድሜ ስካውቱን «የእኔ ሼርፓ» ይለዋል፤ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። የስካውቱ ሚስት የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ማርያም በሽልም ታውጣት በሉልኝ።