ከጦሳ እስከ ሐረጎ፦ ፕራይምና ዙም ይዞ ወሎን መውጣት መውረድ

በአገር ውስጥ በረራ የሚፈቀደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። ካሜራው፣ ቻርጀሩ፣ ላፕቶፑና ጃኬቱ (ደሴ ያለ ጃኬት አይታሰብም) ገብተው ሲያበቁ ለሌንስ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። ከሩቅ የሚያቀርበው ረጅሙ ሌንሴ፣ 70-200ው፣ ብቻውን ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን አዲስ አበባ ቀረ። ይዤ የሄድኩት ሁለት ሌንስ ነው። አንደኛው ሁላችንም «ፊፍቲ» የምንለው፣ አፐርቸሩ (የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) እስከ 1.8 የሚከፈት ርካሹ የ50 ሚሊ ሜትር ፕራይም፣ ማለትም የማያቀርብ የማያርቅ ሌንስ፣ ነው፤ 160 ግራም። ሁለተኛው ሰፊ ከሚያሳየው 24 እስከ ሚያቀርበው 105 የሚሄድ ዙም፣ አፐርቸሩ ከ4 በላይ የማይከፈት፤ 670 ግራም።

እንጀራዬ ሠርግና ምርቃት ስለሆነ ዙምን አልንቅም። ኬክ እየቆረሰች ያለችን ሙሽራ «ቆይ፣ ሌንስ ልቀይር» አይሏትም። ግን ባለሙያ ሁሉ ለጀማሪ የሚሰጣት አንዲት ምክር አለች፦ «ፕራይም ግዛ፤ ዙሙን በእግርህ አድርገው!» ይህችን ምክር ያወጣት ሰው ደሴን አላየም።

ደሴን ቁልቁል የሚያየው ጦሳ ተራራ ላይ የወጣሁት ማለዳ ነው። መስከረም ቢጠባም ጉሙ ገና ክረምቱን አልጨረሰም። ከተማዋ ከእግር በታች እንዳለች በድምጿ ብቻ ነበር የምትታወቀው፦ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የውሻ ጩኸት፣ የሚፈለጥ እንጨት። ከዚያ ጉሙ በአንድ በኩል ተገለጠና የቆርቆሮው ጣሪያ ብልጭ አለ። እንዲህ ያለው ነገር የሚቆየው ሌንስ ተፈትቶ እስኪገጠም አይደለም። ዙሙን 24 ላይ አድርጌ ተራራውንም ከተማውንም አነሳሁ፤ ወዲያው ወደ 105 ወስጄ የመስጊድ ሚናራና የቤተ ክርስቲያን ጉልላት በአንድ ፍሬም ያዝኩ። በመሀላቸው ያለው ሰፈር ተጣጥፎ ጎን ለጎን የቆሙ ይመስላሉ።

ያቀራረባቸው ሌንሱ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። አይደለም፤ ያቀራረባቸው ርቀቱ ነው። ከዚያው ቦታ በፊፍቲው አንስቶ መሀሉን ቆርጦ ማስቀረት ይቻላል፤ ሚናራውና ጉልላቱ ልክ እንደዚያው ተጠጋግተው ይወጣሉ። ኪሳራው በፒክሰል ነው፤ በ50 የተነሳን ፎቶ የ105 ያህል እስኪሆን ከቆረጡት ከ24 ሜጋፒክሰል የሚተርፈው አምስት ተኩል አካባቢ ነው። ለስልክ ይበቃል፤ ለግድግዳ አይበቃም። በእግር ላቅርበው ያለ ደግሞ ከፊቱ ያለው ገደል ነው።

ስለ ደሴና ስለ ፎቶ ሲነሳ ጃንሆይ መትረየስ ላይ ሆነው የሚታዩበትን ምስል ያላስታወሰ ወሎዬ አልገጠመኝም። ኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ከተማው ውስጥ ጋዜጠኞችም ነበሩ። የዚያ ዘመን ፎቶ አንሺ ፕራይም የያዘው መርጦ አልነበረም፤ ለፎቶ ካሜራ የሚሆን የመጀመሪያው ዙም፣ የፎክትሌንደሩ ዙማር፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ «የድሮዎቹ ታላላቆች ሁሉ በፕራይም ነው የሠሩት» የሚለውን ክርክር ብዙም አልወደውም። ሌላ ምን ነበራቸውና?

ሰኞ ገበያ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዙሙ ወደ 105 ሲሄድ አፍንጫው ይረዝማል፤ ከመንገድ ማዶ አንድ ሰው ላይ ሲቀሰር ሰውየው ያየዋል። በርበሬ ዘርግተው የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ዞር አሉ። ልክ ናቸው፤ ማን ከሩቅ መታደን ይወዳል? ፊፍቲውን ገጠምኩና ተሻገርኩ። በፊፍቲ ፊት ለማንሳት ሁለት ሜትር ያህል መጠጋት ግድ ነው፤ ሁለት ሜትር ላይ ደግሞ ሰላምታ ሳይሰጡ መቆም አይቻልም።

«እንደምን ዋሉ እናቴ? አንድ ፎቶ ላንሳዎት?»

«ኸየት ነው የመጣኸው ልጄ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«አብሽር፣ አንሳ። ግን ቡና ሳትጠጣ አትሄድም።»

ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው፤ ረከቦቱ በበሩና በግድግዳው መሀል ተዘርግቷል፤ ዕጣኑ ጨሷል። ለማነጻጸር ያህል መጀመሪያ ዙሙን ሞከርኩ። አፐርቸሩን 4 ላይ፣ ሻተሩን 1/125 ሰከንድ አድርጌ፣ አይ ኤስ ኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 6400 ደረሰና ጥቁሩ ሁሉ አሸዋ ሆነ። ሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነገር አለው፤ እሱ ግን የኔን እጅ ነው የሚያረጋጋው እንጂ ከጀበናው እየቀዱ ያሉትን የእሳቸውን እጅ አይደለም። ሻተሩን ባዘገየው ጀበናውም ቡናውም ይደበዝዛል። 1.8 ከ4 ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል፤ አይ ኤስ ኦው ወደ 1250 ወረደ፤ የሲኒዎቹ ጠርዝና የነጠላው ጥለት ጥርት ብሎ ወጣ።

ለዚህ ግን ዋጋ አለው። አንድ ሜትር ላይ 1.8 ሲከፈት ፎከስ ውስጥ የሚቀረው ውፍረት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የጀበናው አፍ ሲጠራ ጣታቸው ጠፋ፤ ጣታቸው ሲጠራ ሲኒው ጠፋ። ወደ 2.8 ዘጋሁት፤ ያኔ ሁለቱም መጡ። ጎረቤቶች ለአቦሉ ሲሰበሰቡ ደግሞ ፊፍቲው አልበቃም፤ ጀርባዬ ግድግዳ ነክቶም ግማሹ ሰው ከፍሬም ውጭ ነው። ዙሙን መልሼ 24 ላይ፣ ሰውም እየሳቀ ዝም ብሎ ሲቀመጥልኝ፣ ሻተሩን አዘግይቼ አነሳኋቸው። ቶናው ላይ ካሜራውን አስቀመጥኩት፤ ከበረካው በፊት መነሳት በወሎ ቤት አይታሰብም።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ሌላ አገር የሚያስገባ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ሐረጎ ላይ ሹፌሩን እንዲያቆምልኝ ለመንኩት። «እዚህ ጋ አይቆምም ወንድሜ፣ ከባድ መኪና ይወጣል» አለና ሰፋ ያለው ጥግ ላይ ሲደርስ ራሱ አቆመልኝ። እዚህ ላይ ክርክር የለም፤ ዙም ነው። የመንገዱ መጠማዘዝ፣ እያጓራ የሚወጣው የጭነት መኪና፣ ከታች የተዘረጋው ሜዳ፣ ሁሉም በየርቀቱ ነው ያለው፤ ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ ደግሞ አንድ እርምጃ የለም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። በደሴ ብርድ ያደረ ሌንስ በድንገት ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ መስታወቱ ላይ ላብ ያወጣል፤ ስለዚህ ቦርሳውን ሳልከፍት ሻይ ጠጣሁ። ውስጡ 18 ቁራጭ መስታወት ያለው ዙም ስድስት ካለው ፊፍቲ ይልቅ ለመሞቅ ይዘገያል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራ ሲያነሳ ዙሙ ካሜራው ላይ እንደተገጠመ ዋለ፤ እንዲህ ባለ ቀን መንገድ ዳር ሌንስ መቀየር ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ አቧራ መጋበዝ ነው። በነገራችን ላይ ከፋብሪካና ከኢንዱስትሪ ፓርክ በር ፊት ለፊት ረጅም ሌንስ አለመቀሰር ይሻላል፤ ጥበቃ ከሁሉ በፊት የሚያየው እሱን ነው።

ማታ ካፌ ውስጥ አንድ የከተማው ልጅ ካሜራዬን አይቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱም ካኖን ነው የያዘው፤ ሴንሰሩ ትንሽ የሆነው ዓይነት፣ ከካሜራው ጋር አብሮ ከሚሸጠው የ18-55 ኪት ሌንስ ጋር። ሠርግ መሥራት ጀምሯል።

«ጋሼ፣ ብር እያጠራቀምኩ ነው። ፊፍቲ ልግዛ?»

ከማውራት ይሻላል ብዬ ፊፍቲዬን ሰጠሁት። ገጠመና ጓደኞቹን ሊያነሳ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ወንበሩ ከኋላው ጠረጴዛ ጋር እስኪጋጭ ሸሸ፤ አሁንም የገቡለት ሁለት ፊቶች ብቻ ናቸው። ትንሹ ሴንሰር የምስሉን መሀል ብቻ ስለሚይዝ በእሱ ካሜራ ላይ 50ው 80 ያህል ነው የሚያሳየው። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ነው፤ ሰው ለሞላበት የሙሽራ ቤት ሳሎን ግን አይሆንም።

«ይሄ ድንኳኑ ውስጥ እንጂ ቤት ውስጥ አያሠራኝም» አለ።

ለእሱ የሚሻለው ለዚያው ካሜራ የተሠራው ቀጭኑ የ24 ሚሊ ሜትር ፕራይም ነው፤ በእሱ ሴንሰር 38 አካባቢ ይሆናል፣ አፐርቸሩ 2.8፣ ክብደቱም 125 ግራም ብቻ። ኪት ሌንሱን ግን እንዳይሸጥ ነገርኩት፤ ሙሽሮቹ ለፎቶ ሐረጎ እንውጣ ማለታቸው አይቀርም። ፊፍቲዬን ፈትቶ መለሰልኝና ስልኩን አውጥቶ የ24ቱን ዋጋ መፈለግ ጀመረ።